በፋይበር የተጠናከረ ፖሊመር ከኮንክሪት ጋር ያለውን ትስስር ስለ መፈተን
ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር ጥሪ በደረሰኝ ጊዜ፣ ርእሱ ከምሠራበት ቦታ ጋር አይመጣጠንም የሚል ስጋት አድሮብኝ እንደ ነበር ሳልሸሽግ እገልጻለሁ። የካርቦን ፋይበር ሲባል ወደ ሰው አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ ወረታ ሲባል ግን ሩዝ፣ የፎገራ ላምና የክረምት ጎርፍ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተገናኝተዋል። ዛሬ የምናገረውም ከመጻሕፍት ስላገኘሁት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ልፈርምበት ጥቂት ስለ ቀረኝ ስሕተትም ጭምር ነው።

የፎገራን ሜዳ በመንገድ ብቻ ለሚያውቁት ባልደረቦች ጥቂት ልበል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን የሚያወርዱትን ደለል በየክረምቱ ሲያለብሱት የኖረ በመሆኑ፣ አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ወንዞቹ ሲሞሉ ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ይሸፍኑታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ የደረሰውን ጎርፍ የአካባቢው ሕዝብ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ዘመን መቁጠሪያ ያነሣዋል። ያው ውኃ ግን እንጀራም ሆኗል፤ ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ከገባ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፤ ዛሬ የወረታ ከተማ ኑሮ በሩዝ መፈልፈያው ዙሪያ ይሽከረከራል።

ከዚህ ላይ የመሐንዲሱ ጉዳይ ይጀምራል። ነጋዴው ሩዙን ምድር ቤት ሊያከማች አይወድም፤ በክረምት ወለሉ ያልባል፣ ከረጢቱ ከሥር ይሻግታል፣ ውኃ የገባ እንደ ሆነም ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ፎቅ ያወጣዋል። ፎቁ ግን ብዙ ጊዜ ለመኖሪያ ወይም ለቢሮ ታስቦ የተሠራ ነው። ለመኖሪያ የሚታሰበው ሸክም በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 200 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አንድ የኩንታል ከረጢት ግማሽ ካሬ ሜትር ቦታ ይይዛል ብንል፣ አምስት ደርብ ሲደረደር በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ቢሙ ከመካከሉ ሲሰነጠቅ መሐንዲስ ይጠራል፤ መሐንዲሱም በዚህ ዘመን ካቀረቡለት መድኃኒቶች መካከል አንዱ ከቢሙ ሥር በኢፖክሲ የሚለጠፍ የካርቦን ጥብጣብ ነው።

የነገሩ ሐሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ፣ ጭቃ ያለ ጭድ እንደሚሰነጠቅ፣ ጭድ የገባበትና የቦካ ጭቃ ግን እንደሚያያዝ ያውቃል። ጭዱ መወጠሩን፣ ጭቃው መጨመቁን ተካፍለው ይሸከማሉ። በፋይበር የተጠናከረ ፖሊመርም ይኸው ነው፤ ጭዱ የካርቦን፣ የመስተዋት ወይም የአራሚድ ፋይበር ነው፤ ጭቃው ሙጫ ነው። ልዩነቱ ግን ለሥራ አስፈላጊ ነው። ለሳሹ ጭቃውን ከመምታቱ በፊት ግድግዳውን ውኃ ያርሰዋል፤ ኢፖክሲ የሚለጥፍ ሰው ግን በእርጥብ ገጽ ላይ ከለጠፈ ድካሙ ከንቱ ነው። የጭቃን ልማድ ይዞ ወደ ኢፖክሲ የመጣ ሠራተኛ ኮንክሪቱን አጥቦ በዚያው ዕለት ሊለጥፍበት ሲዘጋጅ አግኝቼ አስቁሜዋለሁ። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ በተማረው ሙያ መሠረት ትክክለኛውን ነገር እያደረገ ነበር።

በኮንክሪት ላይ ማጠናከሪያ የመለጠፍ ሥራ በብረት ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፈረንሳይና በደቡብ አፍሪካ ላሜራ በኢፖክሲ መለጠፍ ተሞከረ፤ ሠራም። ነገር ግን ብረቱ ከባድ ነው፤ ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ደግፎ የሚይዘው ይፈልጋል፤ በሙጫውም መስመር ላይ ይዝጋል። በስዊዘርላንድ የቁሳቁስ ምርምር ተቋም፣ ፕሮፌሰር ኡርስ ማየርና ባልደረቦቻቸው በብረቱ ፈንታ የካርቦን ጥብጣብ መሞከር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሉሰርን ከተማ አጠገብ ያለው የኢባኽ ድልድይ፣ የትራፊክ መብራት ለመትከል ሲቦረቦር በውስጡ ያለው የተወጠረ ገመድ ተቆረጠበትና በካርቦን ተጠገነ። ለዚያ ጥገና 175 ኪሎ ግራም ብረት ያስፈልግ የነበረውን 6.2 ኪሎ ግራም ካርቦን ተካው። ቁጥሩ በየመማሪያው የሚጠቀስ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በጣም አስደንቆኝ ነበር።

ዛሬ የሚያስደንቀኝ ሌላው ቁጥር ነው። የተለመደ የካርቦን ጥብጣብ እንውሰድ፤ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ የመወጠር አቅሙ 2,800 ሜጋ ፓስካል። ሲባዛ ጥብጣቡ ብቻውን 336 ኪሎ ኒውተን ይጎትታል፤ ከ34 ቶን በላይ ነው። ነገር ግን ይህን ጥብጣብ በኮንክሪት ላይ ለጥፈን በጫፉ ብንጎትተው ስንት ይይዛል? ቼንና ቴንግ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ቀመር ይህን ያሰላል። የሲሊንደር ጥንካሬው 20 ሜጋ ፓስካል ለሆነ፣ ማለትም እኛ ሲ-25 ለምንለው ኮንክሪት፣ ኮንክሪቱ የጥብጣቡን እጥፍ ስፋት ያለው ቢሆን፣ መልሱ 40 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ከጥብጣቡ አቅም ስምንተኛው እጅ እንኳ አይሞላም። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ፣ ይህን ኃይል የሚሸከመው የመጀመሪያው 210 ሚሊ ሜትር ርዝመት ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ጥብጣቡን አንድ ሜትር ብናስረዝመው የሚያዘው ኃይል አይጨምርም፤ የፊተኛው ሲላቀቅ ሸክሙ ወደ ኋለኛው ይሸጋገራል፣ እሱም በተራው ይላቀቃል። በፌሮ የለመድነው ሐሳብ፣ የተቀበረውን ርዝመት ጨምር፣ ይያዝልሃል የሚለው፣ እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ ነጋዴው ገንዘቡን የሚከፍለው ለካርቦኑ ነው፤ የሚሸከምለት ግን ካርቦኑን ከቢሙ ጋር የሚያያዘው፣ ጣት የማይሞላ ውፍረት ያለው የኮንክሪት ቆዳ ነው። ኢፖክሲው በአግባቡ ከተሠራ ከኮንክሪቱ ይልቅ በመወጠር ብዙ እጥፍ ይበረታል። የሚሰበረው ከሦስቱ ደካማው ነው፤ እሱም ቢሙን በሞላንበት ቀን በእጃችን የሠራነው ነው።

ይህን ቆዳ የምንጠይቅበት መሣሪያ የነቀላ ፈተና ይባላል። አሠራሩን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ አልፋለሁ። ጥብጣቡ ተለጥፎ ሙጫው ከደረቀ በኋላ፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ በኮር መቁረጫ፣ ጥብጣቡን አልፎ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ኮንክሪቱ ውስጥ እስኪገባ ይቆረጣል። ክብ ብረት በላዩ ይለጠፋል፤ በትንሽ መጎተቻ በቀስታ፣ ሳይቋረጥ፣ እስኪነቀል ይሳባል። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ቁጥር 440 ኮሚቴ መመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ንባቡ ከ1.4 ሜጋ ፓስካል እንዳያንስ፣ ስብራቱም በኮንክሪቱ ውስጥ እንዲሆን። በቀድሞው መለኪያ ለለመዱት አባቶቻችን፣ 1.4 ሜጋ ፓስካል ማለት በካሬ ሴንቲ ሜትር 14.3 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። የክቡ ብረት ስፋት 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ጠቅላላው ጉተታ 280 ኪሎ ግራም ይሆናል። የወረታ ሰው ሲጠይቀኝ፣ በዚህች የሻይ ስኒ በምታህል ብረት ላይ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ሃያ ኪሎ የቀረው ሩዝ ሰቅለን እንዳይወድቅ ነው የምንፈልገው እለዋለሁ፤ ወዲያው ይገባዋል።

ከሁለቱ ጥያቄዎች ሰው የሚይዘው የፊተኛውን ነው። ቁጥር በቅጽ ላይ ለመጻፍ ይመቻል። የስብራቱን ቦታ ግን ብረቱን ገልብጦ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በዓይን መመርመር ያስፈልጋል። የአሜሪካው ዲ 7522 የተባለው የፈተና ደረጃ ሰባት ዓይነት ስብራት ይዘረዝራል፤ ከብረቱ ሙጫ ጀምሮ፣ በፋይበሩ ውስጥ፣ በፋይበሩና በሙጫው መካከል፣ በሙጫው ውስጥ፣ በሙጫውና በኮንክሪቱ መገናኛ ላይ፣ ከዚህና ከኮንክሪቱ የተቀላቀለ፣ በመጨረሻም በኮንክሪቱ ውስጥ። የፊተኛው ስለ ቢሙ ምንም አይነግረንም፤ ፈተናው ይደገማል። የመጨረሻው የምንሻው ነው። በመካከል ያሉት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው አንድ ቀን ያጎደለውን ሥራ ያመለክታሉ።

አሁን ወደ ገጠመኜ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በወረታ ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን ውስጥ ለተለጠፈ ጥብጣብ የርክክብ ፈተና እንዳደርግ ተጠራሁ። ሥራው አልቋል፤ ጥብጣቦቹ ጥቁር ሆነው፣ ቀጥ ብለው፣ እጅግ ያምራሉ። ስድስት ቦታ መረጥሁ፤ ባለቤቱ በአዲስ ሥራው ላይ ቀዳዳ ስበሳ ፊቱ ሲጨልም አስታውሳለሁ። ከስድስቱ አራቱ ከወሰኑ በላይ ጥሩ ንባብ ሰጡ። ሁለቱ ከግማሽ በታች ሆኑ። አማካዩን አሰላሁ፤ ወሰኑን አለፈ። የዝናብ ምልክት እየታየ ነበር፤ ባለ ገንዘቡ ወደ ሌላ ጉዳይ ሊሄድ ቸኩሏል፤ ተቋራጩም ክፍያውን ይጠብቃል። እኔም አማካዩን በቅጹ ላይ ጻፍሁና፣ «ተቀባይነት አለው» የሚለውን ቃል ጀመርሁ።

ብረቶቹን ሰብስቦ በጆንያ ላይ የደረደራቸው አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩ። ጠጋ ብለው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ኢንጂነር፣ የእነዚህን የሁለቱን ጀርባ አይተውታል?» አሉኝ።

«ምን አለው ጋሼ?» አልሁ፤ ቀና ሳልል።

«እነዚያ ጠጠር ነቅለው መጥተዋል። እነዚህ ግን ነጭ ብቻ ናቸው። ይኸ እኮ ጀሶ ነው።»

ጀሶ ነበር። ቢሙ ቀድሞ በጀሶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ጥብጣቡ ከመለጠፉ በፊት ጀሶው ተፍቆ፣ ገጹ በመፍጫ ማሽን ተልጦ፣ ጠጠሩ እስኪታይ መድረስ ነበረበት። ስጠይቅ፣ በዚያ በኩል ባሉት ሁለት ቢሞች ላይ መብራት ጠፍቶባቸው በመሮ እንደ ፋቁት ሠራተኞቹ ነገሩኝ። መሮ ደግሞ ጉብታውን ያነሣል፤ በቀዳዳው ውስጥ የገባውን ዱቄት ግን እዚያው ይተወዋል። ኢፖክሲው ያንን ዱቄት በሚገባ ይዞታል፤ ዱቄቱ ቢሙን አልያዘም።

አማካይ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚያታልል በምሳሌ ላሳይ። አራት ንባብ 1.9፣ ሁለት ንባብ 0.6 ሜጋ ፓስካል ናቸው እንበል። ድምሩ 8.8፣ አማካዩ 1.47 ይሆናል፤ ከ1.4 ይበልጣል፤ ቅጹ ያልፋል። ጥብጣቡ ግን አማካዩን አያውቅም። ከደካማው ቦታ ላይ ይጀምርና ቀደም ብዬ በጠቀስሁት መንገድ፣ አንዱ ለሌላው እያሸጋገረ ይላጣል። በኮንክሪት ሙከራ ኩቦች ዘንድ አማካይ መውሰድ ምክንያት አለው፤ ኩቦቹ ሁሉ ከአንድ ሙሌት የተወሰዱ የአንድ ነገር ናሙናዎች ናቸው። ጠጠር የነቀለ ብረትና ጀሶ የነቀለ ብረት ግን የአንድ ነገር ናሙናዎች አይደሉም። ሁለቱን መደመር ጤፍና አሸዋን በአንድ ሚዛን እንደ መስፈር ነው።

ቅጹን ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ። ባለቤቱ ተቆጣ፤ ተቋራጩም ከእርሱ ይልቅ ተቆጣ። ለሁለቱም ልክ አለመሆናቸውን ማስረዳት አልቻልሁም፤ ገንዘብ አውጥተዋል፤ እኔም ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሌላ ነገር ልናገር ነበር። የሁለቱን ቢሞች ጥብጣብ ስንልጠው፣ እጃችን ከመሃል ላይ በቀላሉ አንድ ክንድ ያህል ርዝመት አነሣ።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላ ደግሞ፣ ትስስሩ የተሟላ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሥራው እንደ ታሰበው ሊፈቀድ የማይገባው እንደ ነበር ተገነዘብሁ። ያው የ440 ኮሚቴ መመሪያ፣ ጥብጣቡ በእሳት ወይም በሌላ ምክንያት ቢጠፋ፣ ነባሩ ቢም ብቻውን የራሱን ቋሚ ክብደት 1.1 እጥፍና የአዲሱን ሸክም 0.75 እጥፍ፣ እንደ መጋዘን ሸክሙ ለረጅም ጊዜ በሚቆይበት ቦታ ግን ሙሉውን የአዲሱን ሸክም መሸከም አለበት ይላል። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ቁጥር 2 መሠረት ለሸክም የሚወሰደው ማባዣ 1.6 ነበር፤ ስለዚህ ለመኖሪያ የተሠራው ወለል 1.6 ጊዜ 2፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ተሰልቶለታል። አምስት ደርብ ከረጢት ግን 10 ይሆናል። ከቋሚው ክብደት ማባዣ ልዩነት የሚገኘው ትርፍ ይህን አይሸፍነውም። ሁለት ደርብ ግን 4 ብቻ ነው፤ ልዩነቱን ያ ትርፍ ሊሸፍነው ይችላል። ይህን ቀላል ስሌት ከግዥው በፊት የሠራው ሰው አልነበረም፤ እኔም ፈተና እንድፈትን እንጂ ስሌት እንዳይ አልተጠራሁም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። በመጨረሻ በሁለቱ ቢሞች መካከል ኮለን ቆመ፤ በቀሩት ላይ ከሁለት ደርብ በላይ እንዳይደረደር በግድግዳው ላይ ቀይ መስመር ተሰመረ። መስመሩ መከበሩን በአንዳንድ ጊዜ እየሄድሁ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይከበራል።

ከዚህ ገጠመኝ ያገኘሁት ትልቁ ጥያቄ ስለ ጀሶው አይደለም፤ ጀሶ ይፋቃል። ጥያቄው ከጀሶው በታች ስላለው ኮንክሪት ነው። በደንባችን ሠንጠረዥ የሲ-25 ኮንክሪት ዝቅተኛ ተብሎ የሚወሰደው የመወጠር ጥንካሬ 1.5 ሜጋ ፓስካል ነው። የነቀላው ወሰን 1.4 ነው። ልብ በሉ፤ በትክክል የተሠራ ሲ-25 እንኳ ወሰኑን የሚያልፈው በጠባብ ልዩነት ነው። በስም ሲ-25 ሆኖ፣ በአካፋ ተሰፍሮ፣ ውኃው በዓይን ተገምቶ፣ ሳይጠጣ የደረቀው ምን ሊሆን ነው? አሸዋውስ? የወንዝ አሸዋ ደለል እንዳይበዛበት በአገራችን የተለመደው ወሰን 6 በመቶ ነው። በሜዳው ላይ ወንዝ የሚያመጣው ደግሞ አሸዋና ደለል በአንድነት ነው። በጠጠሩና በአሸዋው ላይ እንደ ሽፋን የሚቀር ደለል የመጨመቅ ጥንካሬውን ይቀንሳል፤ ከዚያ ይልቅ የመወጠሩን ይጎዳል፤ እኛ የምንለጥፈው ደግሞ በመወጠሩ ላይ ነው። በጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውኃ አናውጦ፣ አስቀምጦ፣ ከላይ የሚያርፈውን ደለል መለካት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያም ሆኖ ስንት ሥራ ላይ ይደረጋል?

በዚህ ምክንያት እኔ ዛሬ የነቀላውን ፈተና ሁለት ጊዜ አደርጋለሁ። የፊተኛው ጥብጣቡ ከመገዛቱ በፊት፣ ገጹ ተልጦ ጠጠሩ ሲታይ፣ በራቁት ኮንክሪቱ ላይ ነው። ያ ፈተና 1 ሜጋ ፓስካል የሰጠ እንደ ሆነ፣ ከየትኛውም አገር የመጣ ካርቦን ያንን ቢም አያድነውም፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ለኮለን ወይም ለአርማታ ጃኬት ያውለው። የመጨመቅ ጥንካሬው ከ17 ሜጋ ፓስካል በታች ከሆነም መመሪያው አይፈቅድም። ሁለተኛው ፈተና ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ የሚመረምረውም ቢሙን ሳይሆን የእኛን እጅ ነው።

ስለ እርጥበት ጥቂት ልጨምር፤ በፎገራ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። በክረምት ከዋልካው ላይ የሚነሣው እርጥበት በኮለንና በግድግዳ ይወጣል። ገጹ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ቀላሉ መፈተኛ፣ ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ለ16 ሰዓት መተው ነው፤ ከሥሩ ውኃ ካላበ አይለጠፍም። እንደዚሁም የኮንክሪቱ ሙቀት ከጤዛ መፈጠሪያው ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ሊበልጥ ይገባል። አየሩ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ሲሆን ጤዛው በ19 ዲግሪ ገደማ ይፈጠራል፤ ማለዳ ላይ የሌሊቱን ቅዝቃዜ የያዘ ቢም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሐምሌ ማለዳ መለጠፍ አይገባም። የበለጠ የሚያሳስበው ግን ከተለጠፈ በኋላ ያለው ነው። ለረጅም ጊዜ እርጥበት የጠጣ ትስስር ሲፈተን፣ ስብራቱ ከኮንክሪቱ ውስጥ ወጥቶ ወደ ሙጫውና ወደ ኮንክሪቱ መገናኛ እንደሚዛወር በልዩ ልዩ ላቦራቶሪዎች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በርክክብ ዕለት ያለፈ ሥራ ከአምስት ክረምት በኋላ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለ ሙቀት ደግሞ፣ የተለመደው ኢፖክሲ ከ60 እስከ 82 ዲግሪ ባለው ውስጥ መለስለስ ስለሚጀምር፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ጥብጣብ ነጭ ቀለም ቢቀባ መልካም ነው እላለሁ፤ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

አንድ ነገር ከፈተናው በፊት መጣራት ይኖርበታል፤ ይኸውም ስንጥቁ ከየት እንደ መጣ ነው። በዋልካ ላይ በቆመ ቤት፣ በግንቦት የሚከፈትና በነሐሴ የሚገጥም፣ ከመስኮት ማእዘን በአግድመት የሚወጣ ስንጥቅ ከሸክም የመጣ አይደለም። አፈሩ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ቤቱም አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ስንጥቅ ላይ ካርቦን እንድለጥፍ ተጠይቄ አውቃለሁ። እምቢ ስል ጠያቂው ዋጋ ለማስጨመር መስሎት ነበር። ትስስሩ ፍጹም ቢሆን፣ ስንጥቁ ከጥብጣቡ ቀጥሎ ሌላ ቦታ ይወጣል፤ ጉዳዩ የመሠረትና የውኃ መውረጃ ነውና።

የነቀላው ፈተና የማይነግረንን ደግሞ ማወቅ ይገባል። ፈተናው ጥብጣቡን ከገጹ ወደ ውጭ በቀጥታ ይስባል፤ በሥራ ላይ ያለው ጥብጣብ ግን በገጹ ላይ ወደ ጎን ነው የሚጎተተው፤ እኛ ሺር የምንለው ነው። ሁለቱ የተዛመዱ እንጂ አንድ አይደሉም። ሺሩን በቀጥታ ለመለካት በላቦራቶሪ ልዩ ልዩ ዘዴዎች አሉ። ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው ሁለት የኮንክሪት ብሎኬቶችን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ በሁለቱም ጎን በጥብጣብ አገናኝቶ፣ በመካከላቸው የዘይት ክሪክ አስገብቶ ማራራቅ ነው። የከባድ መኪና ክሪክና አንድ የግፊት መለኪያ ካለ፣ በሥራ ቦታም ሊደረግ ይችላል። ብሎኬቶቹ በዚያው ሥራ ላይ ከሚውለው አሸዋና ጠጠር ከተሠሩ፣ ከውጭ አገር ቀመር ያገኘነውን 40 ኪሎ ኒውተን ከራሳችን ኮንክሪት ጋር ማስተያየት እንችላለን። ቀመሮቹ የተሠሩት በሌሎች አገሮች ላቦራቶሪ ውስጥ በታጠበ አሸዋ፣ በተመዘነ ስሚንቶ ነው። በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ጥብጣቡን እያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ መፈለግም መልካም ልማድ ነው፤ አየር የያዘውን ቦታ ያጋልጣል። ጀሶውን ግን አላጋለጠልኝም፤ ያ ቦታ ሲንኳኳ ድምፁ ሙሉ ነበር።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በራቁት ኮንክሪት ላይ የሚደረገው ፈተና በጨረታ ሰነድ ውስጥ ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኖ፣ ከጥብጣቡ ግዥ በፊት እንዲቀመጥ ነው። ዛሬ ፈተና የሚባለው በተቋራጩ ዋጋ ውስጥ ተውጦ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ክፍያው በተንጠለጠለበት ሰዓት ስለሚደረግ፣ ፈታኙ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ነግሬአችኋለሁ። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ሸክም በማይሸከም ጥግ፣ ጥቂት ቁራጭ ጥብጣቦች በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ እጅ ተለጥፈው እንዲቀሩና በየዓመቱ ሁለት ሁለቱ እየተነቀሉ እንዲመዘገቡ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ መመሪያዎች የእርጥበትን ጉዳት በቅናሽ ማባዣ ይገምቱታል፤ የፎገራን ክረምት ግን ያየልን የለም።

በዚያው መጋዘን፣ ከደረጃው ሥር፣ እርጥበቱ በሚብስበት ግድግዳ ላይ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ስምንት ቁራጭ ለጥፈናል። ሽማግሌው ፎርማን ገጹን ራሳቸው ፈጭተው፣ ራሳቸው ጠርገው ነው ያስለጠፉት። የዘንድሮው ክረምት ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንነቅላለን፤ በአካባቢው የሚገኝ አባል መጥቶ ብረቶቹን ገልብጦ ቢያይ ደስ ይለኛል።